በአንድ ቀን አንድ መቅደስ፣ አንድ ማዕድ

ከአዲስ አበባ በማለዳ ተነሥቶ፣ መኪናን ራስ እየነዱ ወደ አንድ ጥንታዊ ቤተ መቅደስ መሄድ፣ እዚያም ደርሶ መጎብኘት፣ የአካባቢውን ምግብ ቀምሶ ከመምሸቱ በፊት ወደ ቤት መመለስ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየተስፋፋ የመጣ ልማድ ነው። ልማዱ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። እንዲያውም አገሩን በመጽሐፍ ከማወቅ አልፎ በእግሩ የረገጠ፣ በዐይኑ ያየ፣ በምላሱ የቀመሰ ትውልድ እንዲበረክት የሚመኝ ሁሉ ሊደግፈው ይገባል። ስለዚህ ክርክራችን ከጉዞው ጋር ሳይሆን ከጉዞው ዕቅድ ጋር ነው። የዕቅድ ነገር ደግሞ ለዚህ መጽሔት አንባብያን ተራ ጉዳይ ሊመስል አይገባም። የተማሪዎችን ጉብኝት የሚያቅደው መምህሩ ነው፤ የሠራተኛውን ሽርሽር የሚያስተባብረው ካድሬው ነው፤ ቦታውን ሥሎ፣ ጽፎ፣ ዘፍኖ ለሕዝብ የሚያደርሰውም ከያኒው ነው። እነዚህ ሦስቱ ወገኖች የተሳሳተ ዕቅድ ሲይዙ ስሕተቱ በእነርሱ ብቻ አይቀርም፤ ወደ ብዙኃኑ ይተላለፋል።

ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የኖረውን፣ በደቡቡ መንገድ የሚደረገውን የታወቀ የአንድ ቀን ዕቅድ እንውሰድ። ከጧቱ 1 ሰዓት ከአዲስ አበባ መነሣት፤ በዓለም ገና በኩል የቡታጅራን መንገድ ይዞ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ መልካ ቁንጡሬን ማየት፤ ከዋናው መንገድ ወደ ምዕራብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ታጥፎ አዳዲ ማርያምን መሳለም፤ ተመልሶ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ በጥያ ትክል ድንጋዮች መካከል ፎቶግራፍ መነሣት፤ ከዚያም እስከ ቡታጅራ ዘልቆ ክትፎ መብላት፤ ማታ 1 ሰዓት ላይ ቤት መግባት። በወረቀት ላይ ሲታይ እንዴት ያማረ ዕቅድ ነው! ነገር ግን እስቲ እናስላው። ደርሶ መልሱ ከ280 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። የከተማውን መግቢያና መውጫ፣ የጭነት መኪናውን፣ መንገድ የሚያቋርጠውን ከብት ሁሉ ግምት ውስጥ አስገብተን በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ብንል፣ ወደ 6 ሰዓት የሚጠጋውን መንገዱ ብቻ ይወስደዋል። ለምሳ ሁለት ሰዓት፣ ለነዳጅ፣ ለጎማና እርስ በርስ ለመጠባበቅ አንድ ሰዓት እንተው። ከአሥራ ሁለቱ ሰዓት የሚቀረው ሦስት ነው። ሦስት ሰዓት ለሦስት ቦታ! ከዚያም ላይ ቁልፍ የያዘውን ሰው መፈለግ፣ ቲኬት መቁረጥ፣ ጫማ ማውለቅና ማጥለቅ፣ የመጸዳጃ ጥያቄ ሁሉ ይቀነስለታል። እንዲህ ያለው ዕቅድ የሚያስጎበኘው መኪናውን እንጂ ሰውን አይደለም።

የአዳዲን ነገር በዝርዝር ማየት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ ስለ ቤተ መቅደስ ስናወራ የዚህ መንገድ እምብርት እርሷ ናትና። አዳዲ ማርያም ከዐለት የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን ናት። እንደ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተነባብሮ አልተሠራችም፤ ዙሪያዋ ወደ ታች እየተቦረቦረ፣ ዐለቱ እየተቀነሰ፣ የማያስፈልገው ወጥቶ የሚያስፈልገው የቀረባት ናት። ትውፊት ንጉሥ ላሊበላ ወደ ዝቋላ በመጣ ጊዜ እንዳሠራት ይናገራል። ከሰሜን ከሚታወቁት የዐለት አብያተ ክርስቲያናት እጅግ ርቃ በደቡብ መገኘቷ ብቻ ለታሪክ መምህር የአንድ ሙሉ ቀን ትምህርት በሆነ ነበር። ማን ጠረባት? ባለሙያዎቹ ከየት መጡ? እንደ ላሊበላ ጽዱ ያልሆነው ገጽታዋ የዐለቱ ጠባይ ነው ወይስ የጠራቢው እጅ? እነዚህ ጥያቄዎች ፊት ለፊቷ ቆሞ፣ ቀስ ብሎ፣ ግድግዳውን በዐይን እየዳሰሱ የሚጠየቁ ናቸው።

ልብ ሊባል የሚገባው ሌላም ነገር አለ። ይህች ቤተ ክርስቲያን ከመሬት በታች ናት። ከሩቅ ጉልላት አይታይባትም፤ መንገደኛ ከመኪናው መስኮት አሻግሮ «ያቻት!» ሊላት አይችልም። ወደ እርሷ የሚቀርብ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጣሪያዋን ነው፤ ያውም ከራሱ እግር በታች። ለማየት መውረድ አለበት፤ ለመውረድ ጫማውን ማውለቅ አለበት፤ ከገባም በኋላ ዐይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ዝም ብሎ መቆም አለበት። ዐምዱ፣ ቅስቱ፣ መጋረጃው ቀስ በቀስ እንጂ በአንድ ጊዜ አይገለጥም። ጠራቢዎቹ ሥራቸውን ለሚቸኩል ዐይን አላዘጋጁትም። ሃያ ደቂቃ የተመደበለት ጎብኚ እንግዲህ ምን አየ? ጨለማ አየ። ብልጭ የሚል መብራት ያለው ካሜራውን አውጥቶ ጨለማውን ወጋው፤ ወደ ቤቱ የወሰደውም ያንኑ የተወጋ ጨለማ ነው።

ከዚህም ይልቅ የሚያሳዝነው የሰዓቱ ነገር ነው። አዳዲ ቤተ መዘክር አይደለችም፤ የሚጸለይባት፣ ሕፃናት ክርስትና የሚነሡባት፣ ሙታን የሚፈቱባት ደብር ናት። የራሷ ሰዓት አላት። በእሑድና በበዓል ቀን ቅዳሴ በሌሊት ተጀምሮ በጧት ያልቃል፤ በጾም ቀን ግን፣ በረቡዕና በዓርብ፣ በሁዳዴም የሥራ ቀናት፣ ቅዳሴ የሚገባው ወደ ቀትር ስለሆነ የሚያልቀው 9 ሰዓት አካባቢ ነው። በየዕለቱ የማይቀደስበት የገጠር ደብርም ብዙ በመሆኑ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ቅዳሴ ከተጀመረ በኋላ እንደ ሱቅ ገብቶ እንደ ሱቅ መውጣት የለም። ይህን ሁሉ አያቶቻችን ሳይማሩ ያውቁት ነበር፤ የእኛ የጉዞ ዕቅድ አውጪዎች ግን ተምረውም አላወቁትም። አንድ ጊዜ ከአንድ መሥሪያ ቤት የመጡ ጎብኚዎች በአራት መኪና ሆነው፣ በጾም ወቅት፣ በረቡዕ ቀን፣ ልክ እኩለ ቀን ላይ ደርሰው «ቅዳሴ ገብቷል፤ ጥቂት ታገሡ» ሲባሉ ዐሥር ደቂቃ እንኳ ሳይቆሙ ጣሪያውን ፎቶግራፍ አንሥተው መሄዳቸውን ይህ ጸሐፊ በዐይኑ አይቷል። በሪፖርታቸው ላይ ምን ብለው እንደ ጻፉ መገመት አያዳግትም፤ «አዳዲ ማርያምን ጎብኝተናል»።

አሁን ወደ ማዕዱ እንለፍ። ሁለት ተቃራኒ ወገኖች በዚህ ላይ ይሳሳታሉና ሁለቱንም አንድ በአንድ መግጠም ያሻል።

የመጀመሪያው ወገን «ቅርስና ሆድ ምን አገናኛቸው? ስለ ቤተ መቅደስ በሚጻፍበት ገጽ ላይ ስለ ምግብ ማውራት ጥበብን ማራከስ ነው» የሚለው ምሁር ነው። ይህ ሰው መቅደሱን ያውቃል እንበል፤ ሰንበቴን ግን አያውቅም። ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ዳቦ ተቆርሶ፣ ጠላ ተቀድቶ፣ ችግረኛውና ባለ ሀብቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚበሉበትን ሥርዓት ከየት ሊያመጣው ነው? ወር በገባ በ21 የማርያምን ዝክር የሚዘክሩ፣ ጽዋ የሚጠጡ ማኅበርተኞች ከሕንፃው ይልቅ ዕድሜያቸው ያንሳልን? የንግሥ ቀን ለእንግዳ የሚቀርበው ጠበል ጠዲቅ፣ መንገደኛው በአገልግሉ ይዞት የሚመጣው በሶና ዳቦ ቆሎ የዚያው የመቅደሱ ታሪክ ክፍል ናቸው። በአገራችን ያለ ማዕድ የቆመ መቅደስ የለም። ሕንፃውን አጥንቶ ማዕዱን የናቀ ተመራማሪ የቤቱን ግድግዳ ለክቶ የቤቱን ሰዎች ሳይጠይቅ የወጣ ሰው ነው።

ሁለተኛው ወገን ምግብን የሚወድ ነው፤ ስሕተቱ ግን ከመጀመሪያው የባሰ ነው። ይህ ወገን «የአካባቢ ምግብ» ሲል አንድ ነገር ብቻ ያውቃል፤ ክትፎ። በመልካ ቁንጡሬም ክትፎ፣ በአዳዲም ክትፎ፣ በጥያም ክትፎ፣ በቡታጅራም ክትፎ! አዳዲ በኦሮሚያ የምትገኝ መሆኗን፣ በዙሪያዋ ያለው ገበሬ የሸዋ ኦሮሞ መሆኑን፣ የዚያ ቤት ማዕድ የጤፍ እንጀራ ከሽሮ ጋር፣ እርጎ፣ ገንፎ፣ በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ እንጂ ከጉራጌ አገር የተቀዳ የምግብ ዝርዝር አለመሆኑን አያስተውልም። በሃያና በሠላሳ ኪሎ ሜትር ውስጥ ቋንቋው፣ አዝርዕቱ፣ ምጣዱ የሚለወጥ አገር ላይ ቆሞ አንድ ሳሕን ብቻ የሚያይ ሰው ዐይኑ ምን ሲያደርግ ዋለ?

ክትፎውም ቢሆን በደንብ አልታወቀም። ክትፎ የጉራጌ ገበሬ የዕለት ምግብ ሆኖ አያውቅም፤ የመስቀል ምግብ ነው። በመስከረም ከያለበት የተበተነው ልጅ ወደ ወላጆቹ ሲመለስ፣ በሬው ሲታረድ፣ ለዓመቱ ሲጠራቀም የቆየው ቅቤ ሲወጣ የሚበላ የክብር ማዕድ ነው። የዕለቱ ምግብ ቆጮ ነው፤ ከቆጮው ጎን ጎመን፣ ሲገኝ አይብ። ክትፎን በአዲስ አበባ ከዚህ ባልተናነሰ ጥራት መብላት ይቻላል፤ እንደ እውነቱ ከሆነ ለክትፎ ብቻ 130 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ነዳጁን አባክኗል። አዲስ አበባ ልታሳየው የማትችለው የእንሰቱን ማሳ ነው። እንሰት ለመድረስ አራት፣ አምስት፣ አንዳንዴም ሰባት ዓመት ይፈጃል። ሲደርስ ተነቅሎ ግንዱ ይፋቃል፣ ሥሩ ይከተከታል፣ በራሱ ቅጠል ተጠቅልሎ በጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል፤ ሳምንታትና ወራት ቆይቶ ሲቦካ ቆጮ ይሆናል። ከተጨመቀው ውኃ የሚረጋው ነጭ ዱቄት ቡላ ነው፤ ተቀቅሎ የሚበላው ሥሩ አሚቾ ይባላል፤ ከፍቁ የሚቀረው ጭረት ቃጫ ሆኖ ገመድ ይፈተልበታል። ይህ ሥራ ከጫፍ እስከ ጫፍ በአብዛኛው በሴቶች ትከሻ ላይ ያረፈ ነው። በደቡቡና በደቡብ ምዕራቡ የአገራችን ክፍል ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ኑሮው በዚህ ተክል ላይ የተመሠረተ መሆኑ ይነገራል። የጥበብ ሰዎች ሆይ፤ ስለ ትክል ድንጋዩ ስንት ሥዕል ተሣለ፣ ስለ እንሰት ጓሮስ ስንት? ድንጋዩን የተከለው ሕዝብ ምን በልቶ ተከለው ብሎ የጠየቀ ሠዓሊ ቢገኝ ሥዕሉ ምን ሊመስል እንደሚችል አስቡት።

ምግብን የሚወደው ወገን ሌላም የሚረሳው አለ፤ የጾምን መቁጠሪያ። የኦርቶዶክስ ክርስቲያን ሕዝብ ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን ይጾማል፤ ካህናቱማ ከዚያም ይበልጣሉ። ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው። በሁዳዴ ዓርብ ሄዶ «የሚበላ ነገር የሌለበት አገር ነው» ብሎ የተመለሰ ጎብኚ ያጣው ምግብን አይደለም፤ ዕውቀትን ነው። በጾም ቀን ቆጮ በጎመን፣ ሽሮ፣ ተልባ፣ ሱፍ አለ፤ ቀን መርጦ የሄደ ሰው የጾሙን ማዕድ በጾሙ ቀን፣ የፍስኩን በፍስኩ ቀን ያገኛል። በቡታጅራና በአካባቢው ደግሞ እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ የሚኖር በመሆኑ የሥጋ ቤቱ ነገር ሁለት ወገን አለው። የተቀላቀለ የሥራ ባልደረባ ይዞ የሚሄድ አስተባባሪ ይህን አስቀድሞ አስቦ ለሁሉም የሚሆን ቤት መምረጥ አለበት። እዚያ ደርሶ ግማሹ ሲበላ ግማሹ ለስላሳ ጠጥቶ የሚቀመጥበት ጉዞ ስንት ጊዜ ታይቷል!

እንግዲህ መፍትሔው ምንድን ነው ቢባል፣ በርእሱ ላይ እንደ ተጻፈው ነው። ለአንድ ቀን አንድ መቅደስ ከነ ማዕዱ ይበቃል። አዳዲን ለማየት የወጣ ሰው አዳዲን ብቻ ይይ። በእሑድ ከሆነ ከአዲስ አበባ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ተነሥቶ ለቅዳሴው ማብቂያ ይድረስ፤ ሰዉ ሲወጣ እርሱ ይግባ፤ ካህኑን በአክብሮት «አባ፣ ይፍቱኝ» ብሎ አስፈቅዶ ይጠይቅ፤ ፎቶግራፍ ማንሣት ይፈቀድ እንደ ሆነና የት ድረስ እንደ ሆነ ከማንሣቱ በፊት እንጂ ካነሣ በኋላ አይጠይቅ። የአካባቢው ሰው በአፋን ኦሮሞ ሰላም ቢባል ፊቱ እንዴት እንደሚፈካ ያየ ያውቀዋል፤ ሁለት ቃል ለመማር አንድ ምሽት ይበቃል። ከተቻለ ጉዞው ወር በገባ በ21 ይዋል። ያን ቀን እንግዳ ተርቦ አይመለስም፤ ከተማ ውስጥ በገንዘብ የማይገዛውን ጠበል ጠዲቅ ሰዉ ራሱ ይጋብዘዋል። በሌላ ቀን ደግሞ ምሳውን በዚያው በአቅራቢያው በሚያገኘው ትንሽ ምግብ ቤት ይብላ እንጂ ከቤቱ በፕላስቲክ አሽጎ ይዞ አይሂድ።

ጥያም የራሷ ቀን ይገባታል። ጥያ ቤተ መቅደስ አይደለችም፤ መካነ መቃብር ናት። እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበችው በዚች ቦታ 36 ሐውልቶች ሲኖሩ ከእነርሱ 32ቱ ምልክት የተቀረጸባቸው ናቸው፤ በሶዶ ምድር ደግሞ ይህን የመሰሉ ወደ 160 የሚጠጉ ሥፍራዎች ታውቀዋል። ሰይፍ የሚመስለው ምልክት ይታያል፤ የአብዛኛው ምልክት ፍቺ ግን እስካሁን አልታወቀም። እዚህ ላይ ለመምህራን አንድ ነገር ልበል። የሰይፉ ቁጥር የገዳዩን ግዳይ ይናገራል እያሉ በልበ ሙሉነት ለተማሪ የሚያስተምሩ አሉ። ማስረጃው የት አለ? «አልታወቀም» የሚለውን ቃል ለመናገር የሚያፍር መምህር ተማሪዎቹን ከጥያቄ ያጎድላል፤ ከእነዚያ ተማሪዎች መካከል አንዷ ነገ ምልክቱን የምትፈታው ልትሆን ትችል ነበርና። የጥያ ጉዞ ማዕዱ በዚያው በሶዶ ነው፤ ወደ ቡኢ ወረድ ብሎ ቆጮውን ከነ ጓሮው ማየት፣ ፈቃድ ከተገኘም እንሰት ስትፍቅ የምትውለዋን እናት ቁጭ ብሎ መጠየቅ።

ስለ መልካ ቁንጡሬ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ሆላንዳዊው ጄራርድ ዴከር ካገኘው ወዲህ፣ ዣን ሻቫዮን እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ የቆፈረው፣ ከባልጪት ጋር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ ሥፍራ ወደ ሁለት ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ የሰው ልጅ የእጅ ሥራ ያለበት ነው። «ባልጩት» የሚለውን ቃል የሚያውቅ አማርኛ ተናጋሪ የባልጪትን ስም ሲሰማ ግማሹን ታሪክ ሰምቷል፤ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ መስተዋት የሚወጣው ከዚያ ነውና። ይህን ሁሉ ወደ መቅደስ ለመድረስ በሚቸኩል መንገድ ላይ ግማሽ ሰዓት ሰጥቶ ማለፍ በቦታው ላይ መሳለቅ ነው።

«የሠራተኛው የዕረፍት ቀን እሑድ ብቻ ናት፤ ነዳጁም ውድ ነው፤ አንዴ ከወጣን ሁሉንም ካላየን መች እናየዋለን?» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ችግሩ እውነተኛ ነው፤ ድምዳሜው ግን ትክክል አይደለም። ነዳጅ ውድ ከሆነ 280 ኪሎ ሜትር ነድቶ ምንም ሳያዩ መመለስ ነው ውዱ። አዳዲ ብቻ ሲሆን ደርሶ መልሱ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከግማሽ በታች ማለት ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ እ.ኤ.አ. በ2024 ከተከለከለ ወዲህ የበዛው የኤሌክትሪክ መኪናም ቢሆን፣ ከከተማ ውጭ መሙያ እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ ለአጭሩ ጉዞ እንጂ ለረጅሙ አይመችም። መኪናውን ራስ የመንዳት ጥቅሙም በትክክል እዚህ ላይ ነው። የአውቶቡስ መንገደኛ በሰው ሰዓት ይሄዳል፤ ራሱ የሚነዳ ሰው ግን ቅዳሴው እስኪያልቅ መጠበቅ ይችላል፤ ሽማግሌው ወሬ ከጀመሩ መቀመጥ ይችላል፤ ገበያ ካጋጠመው መቆም ይችላል። ይህን ነጻነት አግኝቶ ራሱን በሰባት ቀጠሮ የሚያስር ሰው የገዛው መኪና ሳይሆን ሠንሠለት ነው።

የገንዘቡም ነገር መነገር አለበት፤ ብዙ ጊዜ በትሕትና ስለሚታለፍ። ከአዲስ አበባ ውኃውንና ምሳውን ጭኖ ሄዶ፣ አይቶ፣ ቆሻሻውን ትቶ የሚመለስ መኪና ለአካባቢው የሚተወው አቧራ ነው። ቅርሱን በዝናብ በፀሐይ የሚጠብቀው፣ አጥሩን የሚያጥረው፣ ልጆቹ እንዳይወጡበት የሚከለክለው የአካባቢው ሰው ነው። ይህ ሰው ከጎብኚው ምንም ካላገኘ ቅርሱ ለእርሱ ምኑ ነው? በመቅደሱ ቲኬት ገዝቶ ደረሰኝ መቀበል፣ የአካባቢውን አስጎብኚ መቅጠር፣ በመንገድ ዳር የተዘረጋውን ማር፣ ዕንቁላል፣ ቅቤ መግዛት፣ ምሳን እዚያው መብላት ምጽዋት አይደለም፤ ዋጋ መክፈል ነው። መኪናው ሲቆም ተሯሩጠው ለሚመጡ ሕፃናት ሳንቲምና ከረሜላ መወርወር ግን ልጁን ከትምህርት ቤት አውጥቶ ወደ መንገድ ዳር የሚያወርድ ክፉ ልማድ ነው፤ ሊቆም ይገባል።

በአገራችን ጥንታዊ መቅደሶች ለምን ዛሬ ድረስ እንደ ቆሙ የሚጠይቅ ሰው የይሓን ታሪክ ይመልከት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዓመት አካባቢ ለአልመቃህ የተሠራው ያ ታላቅ ቤተ መቅደስ ግድግዳው ዛሬም ቆሞ የሚታየው፣ የመጀመሪያው እምነት ካለፈ በኋላም ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ሰው ስለ ተገለገለበት ነው። ሰው ያልተለየው ድንጋይ ሰንብቷል፤ ሰው የተለየው ግን በየሜዳው ፈርሶ ለቤት መሥሪያ ተወስዷል። ሰው ደግሞ በቦታው የሚኖረው ኑሮው በቦታው ሲኖር ነው። ጎብኚው በአዳዲ አካባቢ የሚበላት አንዲት ምሳ ከዚህ ጋር ግንኙነት የላትም የሚል ካለ ቆም ብሎ ያስብ።

የቀረው ነገር የዝግጅት ጉዳይ ነው፤ ይህም የእኛው ሥራ ነው። የባህል ማኅበራት፣ የትምህርት ቤት የታሪክ ክበባት፣ የመሥሪያ ቤት የሠራተኛ ማኅበራት ለእያንዳንዱ ቦታ አንድ ቅጠል ወረቀት ቢያዘጋጁ ብዙ ችግር ይቃለላል። በወረቀቱ ላይ የደብሩ የቅዳሴ ቀንና ሰዓት፣ የንግሥ ቀኑ፣ የጾም ወራቱ ይጻፍ፤ ቁልፍ የሚገኝበት ሰው፣ መኪና የሚቆምበት ሥፍራ (ከቅጥሩ ውጭ እንጂ ከዛፉ ሥር በመቃብሩ ላይ አይደለም) ይጠቀስ፤ በየወቅቱ በአካባቢው የሚበላውና የሚበላበት ቤት ይታከልበት። በክረምት ወደ አዳዲ የሚታጠፈው መንገድ ለትንሽ መኪና ይመች እንደ ሆነ፣ የመንገዱም ደኅንነት በዚያ ሳምንት እንዴት እንደ ሆነ ከመነሣት በፊት በስልክ የሚጠየቅበት ሰው ይመደብ። ወረቀቱን የሚያዘጋጀው ጽሕፈት ቤት ውስጥ ተቀምጦ ሳይሆን ቦታው ድረስ ሄዶ፣ ካህኑንና ምግብ ቤት ያላትን ሴት ጠይቆ ይሁን፤ በዓመት ሁለት ጊዜም፣ ከሁዳዴ በፊትና ከመስቀል በፊት፣ ይታረም።